ሌሊት 10 ሰዓት ሥራ የምትገባ እናትና ጠዋት 2፡30 የሚከፈት ማቆያ፦ የጉዳይ ጥናት ከደሴ

ጉዳዩ ባጭሩ

ይህ ጉዳይ የአንዲት እናትና የሁለት ልጆቿ ነው። የሚኖሩት ደሴ ነው። እናትየው ወደ እኛ የመጣችው የሁለት ዓመት ተኩል ልጇን ማሳደጊያ እንድናስገባላት ነበር። ልጁ ማሳደጊያ አልገባም፤ ዛሬም እናቱ ጋር ነው። እንዲህ የሆነው እናትየውን መክረን ሐሳቧን ስላስለወጥናት አይደለም። ቀን ቀን ልጁን የሚይዝ፣ በመንግሥት በጀት የሚሠራ የሕፃናት ማቆያ ስለተገኘ ነው። ማቆያው ብቻውን ደግሞ አልበቃም። የጎደለውን ጎረቤትና ቅሬ (በወሎ እድር የሚጠራበት ስም) ሞልተውታል።

የምሠራው በክፍለ ከተማ ደረጃ በማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኝነት ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ኑሮ ያስጨነቃት እናት "ልጄን ውሰዱልኝ" ስትል ቶሎ ፎርም አውጥቶ መሙላት ይቀላል። ይህን ጉዳይ በዝርዝር መጻፌ ከፎርሙ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት ስለሚያሳይ ነው። ማንነታቸው እንዳይለይ ስም አልጠቀስኩም፤ አንዳንድ ዝርዝሮችንም ቀይሬያለሁ።

ቤተሰቡ

እናትየው የሰሜን ወሎ ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ አልሞላም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲገባ የመጀመሪያ ልጇን ይዛ ሸሽታ ደሴ ገባች። ያኔ የከተማው ትምህርት ቤቶች በተፈናቃይ ተሞልተው ነበር። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እንደገና ሸሸች። ኅዳር መጨረሻ ላይ መንግሥት ከተማዋን መልሶ ሲይዝ ተመለሰች። ወደ አገሯ አልሄደችም። ቤቷ ፈርሷል፤ የሚጠብቃት ሰውም አልነበረም።

ትንሹን ልጅ የወለደችው እዚሁ ነው። አባቱ የቀን ሠራተኛ ነበር። ልጁ ዓመት ሳይሞላው በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ እሻገራለሁ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

ሥራዋ እንጀራ መጋገር ነው። ለሆቴሎችና ለሱቆች የሚያከፋፍል አንድ ቤት ውስጥ በቀን ሒሳብ ትሠራለች። ይህ ሥራ የራሱ ሰዓት አለው። እንጀራው ከቁርስ በፊት ሆቴል መድረስ ስላለበት ምጣድ የሚጣደው ሌሊት 10 ሰዓት ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ እስኪመጣ ተቀምጦ መጠበቅ ነው፤ መውጫው ሰዓት ይገፋል። አብዛኛውን ጊዜ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ትጨርሳለች። ከዚያ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ቤቷ የምትገባው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ነው። ለኪራይና ለምግብ የሚበቃት ሁለቱንም ስትሠራ ብቻ ነበር።

በእነዚህ ሰዓታት ሁሉ ልጁን የምትይዘው እህቱ ናት። እሷም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ሁለተኛ ክፍል ተመዝግባለች፤ ግን ከክፍል የምትቀርበት ቀን ከምትገባበት ይበልጥ ነበር።

ነገሩ የወጣበት ቀን

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ብርድ ቀላል አይደለም። አንድ ንጋት ትልቋ ልጅ ወንድሟ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አይታ ከሰል አቀጣጠለች። ምድጃውን ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች። እናቷ ስታደርግ ያየችውን ነው ያደረገችው። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰው ራሱን ያመዋል፣ ይተኛል፣ በዚያው ሊቀር ይችላል።

ያተረፋቸው ትንሹ ልጅ ማስመለሱና ማልቀሱ ነው። አጥር የምትጋራቸው አንዲት አዛውንት ለቅሶውን ሰምተው በሩን ገፉ። ሁለቱንም አውጥተው ጤና ጣቢያ አስወሰዱ። ልጆቹ ዳኑ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ለእናትየው ከባድ ነበር። አከራይዋ ቤቱን ልቀቂ አለቻት። ሰፈሩ ውስጥ "ልጅ ጥላ የምትሄድ" ተባለች። እሷም በሁለት ቀን ውስጥ ወሰነች። ትንሹን ማሳደጊያ፣ ትልቋን ዘመድ ጋ፣ ራሷ ሳውዲ። ፓስፖርት ለማውጣት ቀድሞም ጀምራ ነበር። ወደ እኛ የላከቻት የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት።

የመጀመሪያው ውይይት

"እህቴ፣ ጠልቼው እንዳይመስልሽ" አለችኝ ገና ከመቀመጧ። "እኔ ጋ ካለ ይሞትብኛል።" ውጭ አገር የሚያሳድጉ ሰዎች ይወስዱት እንደሆነም ጠየቀች። የውጭ አገር ጉዲፈቻ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ መቅረቱን ነገርኳት። እንዲህ ያለ ተስፋ ዛሬም በየሰፈሩ ይወራል፤ ስለዚህ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የማሳደጊያውን ነገር ለጊዜው አቆየንና ቀኗን በሰዓት ጻፍነው። ስንት ሰዓት ትነሺያለሽ? ስንት ሰዓት ትወጫለሽ? ልጁ ስንት ሰዓት ይነቃል? ማን ያበላዋል? ዕረፍት ያለሽ ቀን የትኛው ነው? ወረቀቱ ሲሞላ ነገሩ ተለወጠ። ልጁ ሰው የሌለው ከሌሊት 10 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ ነው። በቀሪው ሰዓት እናት አለው። የምታጠባው፣ የምታቅፈው፣ ስሙን ስትጠራው ሮጦ የሚመጣላት እናት አለው። ማሳደጊያ የሚሰጠው መልስ ሃያ አራት ሰዓቱን በሙሉ መውሰድ ነው። ችግሩ ግን የግማሽ ቀን ነበር።

ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረት ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን ወይም አሳዳጊዎቹን የማወቅና የእነሱን ክብካቤ የማግኘት መብት አለው። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 18 የሚሠሩ ወላጆች ልጆች የማቆያ አገልግሎት እንዲያገኙ መንግሥታት እርምጃ እንዲወስዱ ያዛል። ከወላጅ ጋር መኖር ላልቻሉ ሕፃናት የወጣው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያም እንደ ማሳደጊያ ያለ ተቋምን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። እነዚህን ለእናትየው አላነበብኩላትም። ለራሳችን ኮሚቴ ግን አስፈልገውናል፤ ምክንያቱም "ለልጁ ደኅንነት ቶሎ ይነሳ" የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡን ያቀረበው ባልደረባ ክፉ አስቦ አይደለም። ከሰሉ አስደንግጦታል፤ ማንንም ያስደነግጣል።

ቦታ ፍለጋ

መጀመሪያ ያሰብነው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማቆያዎችን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። በክልልና በከተማ ደረጃም እንዲህ ያሉ ማቆያዎች ተከፍተዋል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ለሠራተኛው ነው። እንጀራ ጋጋሪ የማንም መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አይደለችም።

ሁለተኛው የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ችግረኛ ቤተሰቦችን በማኅበረሰብ ሥራ እያሳተፈ በገንዘብ የሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም ነው። ደሴ ፕሮግራሙ በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ከታቀፉት 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ሕፃን ያላቸው ተሳታፊዎች በማኅበረሰብ ሥራው ቦታ አካባቢ ልጅ የሚያስቀምጡበት ሁኔታ ይመቻቻል። እሷ ግን አልተመለመለችም። ምልመላው ሲካሄድ የቀበሌ ነዋሪነት መታወቂያ አልነበራትም። ለሚቀጥለው ዙር አስመዘገብናት፤ ያ ግን ለዛሬ መልስ አይሆንም።

ትምህርት ቤትም አይሆንም። ቅድመ አንደኛ ደረጃ ሕፃኑ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው የሚቀበለው። እዚህ ላይ ትልቁ ክፍተት ይታያል። ተቀጥራ የምትሠራ ሴት በሕግ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። ከዚያ በኋላ ልጁ አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ መንግሥት ልጁን የሚያገኘው በክትባትና በጤና ክትትል ነው። እናት ሥራ ስትውል ማን ይይዘዋል ለሚለው ጥያቄ ግን በየቦታው የሚገኝ መልስ የለም። የቀን ሥራ የምትሠራ እናት ደግሞ የዘጠና ቀን ፈቃዱም የላትም።

የተገኘው አንድ ማቆያ ነው። በከተማው በጀት የሚንቀሳቀስ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ እናቶች ቅድሚያ የሚሰጥ፣ ጥቂት ቦታ ያለው። ቁርስና ምሳ ያበላል። ሞግዚቶቹ የወር ደመወዝ አላቸው። የሚከፈተው ጠዋት 2፡30፣ የሚዘጋው 11 ሰዓት ነው።

መግቢያው ላይ የቆየንበት

ማቆያው ሦስት ነገር ጠየቀ፦ የእናትየውን የቀበሌ መታወቂያ፣ የልጁን የክትባት ካርድና የጤና ምርመራ ውጤት።

የክትባት ካርዱ በጎ ነገር አመጣ። በ15 ወሩ መውሰድ የነበረበትን ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት እንዳልወሰደ ያወቅነው ያኔ ነው። በነጋታው ተከተበ።

መታወቂያው ግን አደከመን። ቀበሌው ከቀድሞ መኖሪያዋ መሸኛ አምጪ አላት። የተፈናቀለችበት ቀበሌ መዝገብ በጦርነቱ ጠፍቷል። መሸኛ የሚጽፍላት ሰው እንኳ ቢገኝ የሚያየው መዝገብ የለም። ነገሩን የፈታው ቅሬው ነው። በወሎ ቅሬ ለቀብር ብቻ የቆመ አይደለም፤ ማን የት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደሚኖር የሚያውቅ እሱ ነው። የቅሬው ሰብሳቢና ሁለት ነዋሪዎች ከ2014 ጀምሮ እዚያው ሰፈር እንደምትኖር በጽሑፍ መሰከሩ። በዚያ ምስክርነት ጊዜያዊ ማረጋገጫ ተጻፈላት፤ ማቆያውም ተቀበለው። ቅሬው በዚያው አከራይዋን አነጋግሮ የቤቱን ነገር አረጋጋ። የእኛ ቢሮ ደብዳቤ ይህን አያስገኝም ነበር።

የንጋቱ ሰዓት

ማቆያው ተገኘ ማለት ችግሩ ተፈታ ማለት አልነበረም። ከሌሊት 10 ሰዓት እስከ ጠዋት 2፡30 ድረስ ያለው አራት ሰዓት ተኩል ባዶ ነው። ከሰሉ የነደደውም በዚሁ ሰዓት ነው።

አሠሪዋን አነጋገርን። የሥራ መግቢያውን መለወጥ አልቻለችም፤ ምክንያቷም እውነት ነበር። ሆቴል ቁርሱን አያዘገይም።

መፍትሔው የመጣው ልጆቹን ካዳኑት አዛውንት ነው። "አብሽሪ፣ እኔ ዘንድ ይተኙ" አሉ። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። እሳቸው ክርስቲያን፣ እናትየው ሙስሊም ናት። ይህ በእኛ አገር ማንንም አያስገርምም፤ ሥጋ ከሆነ ብቻ የየራሳቸው ነው። ልጆቹ ማታ እዚያ ይተኛሉ። እናትየው ሌሊት ስትወጣ አትቀሰቅሳቸውም።

እኔ ግን ነገሩ በበጎ ፈቃድ ብቻ እንዳይቀር ፈለግኩ። የአዛውንት ጉልበትም፣ የጎረቤት ደግነትም ይደክማል። የቀበሌው የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት የወር ክፍያ መደበላቸው። ከዚያ እናትየው ራሷ መክፈል ጀመረች። ብሩ ብዙ አይደለም፤ ግን ነገሩን ሥራ አደረገው። አዛውንቷ ሲያማቸው ቀድመው ይናገራሉ፤ እናትየውም ሳትሳቀቅ ትጠይቃለች።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ ማን ልጁን ማቆያ ያድርሰው? የደሴ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ጉልበታቸው የሚያማቸው ሴት ሕፃን አዝለው አይወጡትም። ከሞግዚቶቹ አንዷ በዚያው መንገድ ወደ ሥራ ትሄዳለች። ልጁን በመንገዷ ወስዳ ትገባለች። ትልቋ ልጅም ወንድሟን አስረክባ በቀጥታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ይህን ማንም በደብዳቤ አላዘዘም።

ምን ተለወጠ

የልጅቷ ለውጥ ከሁሉም ቶሎ ታየ። ከትምህርት ቤት መቅረቷ ቀረ ማለት ይቻላል። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ከሰዓት በኋላ የማንበብ ድጋፍ ሰጠቻት። በመዝገባችን ላይ ዋናው ጉዳይ የትንሹ ልጅ ነበር። በእኔ እይታ ግን ማቆያው ይበልጥ የጠቀመው ማቆያ ያልገባችውን እህቱን ነው። ማንም ስለ እሷ አመልክቶ አያውቅም፤ ጸጥ ብላ ታሳድግ ስለነበር።

ትንሹ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አለቀሰ፤ ምግብ እምቢ አለ። እናትየው የልብስ ማጠቡን ሥራ ለጥቂት ቀን ትታ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ አብራው እንድትቀመጥ ማቆያው ፈቀደ። ይህ በጣም ረድቷል። ከወር በኋላ ክብደቱ ጨመረ። ንግግሩ ዘግይቶ ነበር፤ ከልጆች ጋር ሲውል ቃላት መሰብሰብ ጀመረ።

እናትየው ልብስ ከማጠብ ይልቅ ሁለተኛ ምጣድ ያዘች። ገቢዋ ትንሽ ተሻለ፤ ቀኗም ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ከመሮጥ ዳነ። የፓስፖርቱን ነገር ስጠይቃት "ይቆይ" አለችኝ። አልገፋኋትም። የሷ ውሳኔ ነው።

ያልሠራው

የአባቱ ነገር አልተሳካም። በቤተሰብ ሕግ ልጅ ከአባቱ ቀለብ የማግኘት መብት አለው። አድራሻው በማይታወቅ ሰው ላይ ግን መጥሪያ ማድረስ አልተቻለም። በዘመዶቹ በኩል የሞከርነውም የትም አላደረሰም። ፋይሉ ላይ ክፍት ሆኖ ቀርቷል።

ማቆያው አንድ ጊዜ ለሞግዚቶች ሥልጠና ተብሎ ለሁለት ቀን ተዘጋ። ወላጆች የሰሙት በር ላይ ሲደርሱ ነው። እናትየው ያንን ቀን ልጇን ይዛ ምጣድ ሥር ዋለች። ሕፃን ከጋለ ምጣድ አጠገብ ማለት ነው። አሠሪዋም ተቆጣች። በየቀኑ ደመወዝ ለምትቆጥር እናት ሁለት የተዘጉ ቀናት ሥራ ሊያሳጧት ይችላሉ። ከዚያ ወዲህ መዘጋት ካለ ከሳምንት በፊት በስልክ እንዲነገር ተስማምተናል።

ትኩሳት ያለበት ልጅ አይገባም የሚለው ደንብ ትክክል ነው። ሌሎቹን ልጆች ይጠብቃል። ግን የታመመው ልጅ የት ይዋል ለሚለው መልስ የለም። እስካሁንም አላገኘንለትም። በጉንፋን ወቅት እናትየው ከሥራ ትቀራለች፤ የዚያን ቀን አይከፈላትም።

ሐምሌ ሌላ ችግር አመጣ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። አዲሱ በጀት ተለቆ ግዥ እስኪፈጸም ድረስ የማቆያው ጎተራ ተራቆተ። ወላጆች ምሳ ቋጥራችሁ አምጡ ተባሉ። አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ማምጣት አቆሙ። እናትየው ከጋገረችው ላይ እየቋጠረች ቀጠለች፤ ለቀሩት ግን ያ ወር መውጫ ሆነ። ሞግዚትና ቤት እያለ ምስር ባለመኖሩ ብቻ ልጅ ቤት ተዘግቶበት ሲውል ማየት ያማል። ግንቦት ላይ አስቀድሞ ለሁለት ወር የሚሆን ደረቅ እህል ገዝቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ጤፍ፣ ምስርና የአጥሚት እህል ማስቀመጥ የሚያቅት ነገር አይደለም።

ለሌሎች ጉዳዮች የሚጠቅመው

ልጅ እንዲወሰድላት የምትጠይቅ እናት ስትመጣ ቀኗን በሰዓት ጻፉ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ወረቀቱ ላይ ልጁ ሌሊትም ቀንም ሰው የሌለው ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጥቃት ካለበትም ሌላ ጉዳይ ነው። ባዶው የሥራ ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን መፈለግ ያለበት የቀን አገልግሎት ነው።

የማቆያው ሰዓት ከእናትየው ሥራ ጋር መነጻጸር አለበት። የቢሮ ሰዓት የሚከተል ማቆያ የሚያገለግለው የቢሮ ሠራተኛን ነው። ልጃቸውን ከቤት የማጣት አደጋ ያለባቸው እናቶች ግን ጎህ ሳይቀድ የሚወጡት ናቸው፤ ጋጋሪዋ፣ ጠራጊዋ፣ አትክልት ለማምጣት ገበያ የምትወርደው ጉልት ነጋዴ። ሰዓቱ ካልገጠመ ክፍተቱን ማን እንደሚሸፍነው ስሙና ክፍያው ተጽፎ ይቀመጥ።

መታወቂያ የሌላት ተፈናቃይ እናት ከማንኛውም አገልግሎት ውጭ ናት። የቅሬ ምስክርነትን ለጊዜው መቀበል ለእኛ ሰፈር ሠርቷል። እያንዳንዱ ቀበሌ በራሱ ፈቃድ የሚያደርገው ሳይሆን ወጥ አሠራር ቢኖረው ብዙ ሰው ያድናል።

ልጅ ለማቆያ ሲመዘገብ ስለ ትልልቆቹ እህትና ወንድሞቹም ይጠየቅ። ትምህርት ቤት ይሄዳሉ ወይ? ማንን ይጠብቃሉ? ቅጹ ላይ ለዚህ ቦታ የለውም። እኛ ጀርባው ላይ በእጅ እንጽፋለን።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ብዙ ጊዜ ልጁ ማቆያ ሲገባ "ምላሽ አግኝቷል" ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ይህኛው ቅድመ አንደኛ እስኪገባ ድረስ ክፍት እንዲሆን ወስነናል፤ በየሦስት ወሩ ቤታቸው ይታያል። እናትየው የሴፍቲኔቱን ምልመላ ትጠብቃለች። አዛውንቷ ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ ቅሬው ተተኪ እያፈላለገ ነው። ማቆያው ሁለት ሞግዚቶችን በፈረቃ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እንዲያስገባ ያቀረብነው ሐሳብ ለቀጣዩ በጀት ዓመት ዕቅድ ገብቷል። መልሱ ገና አልመጣም።